በግንቦት ጥላው ወደ አዘዞ ዞረ

ግንቦት 10 ቀን ነው። ጎንደር ውስጥ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ልጆች አቅጣጫ ለመማር ሜዳ ወጥተዋል። መምህሩ 1 ሜትር ዱላ ተክለው፣ ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የጥላውን ጫፍ እያሳዩ «የቀትር ጥላ ሰሜንን ያሳያል፤ ይኸው ሰሜን» አሉ። በዚያው በኖራ መስመር ተሰመረ። ልጆቹ ደባርቅ ብለው ድንጋይ በ«ሰሜኑ» ጫፍ አስቀመጡ። ጣና የተባለው ውኃ የሞላ ጣሳ በተቃራኒው ጫፍ እንዲቀመጥ ተነገረ።

ጣሳውን የያዘችው ልጅ ቆም አለች። «ቲቸር፣ ባሕር ዳር ስንሄድ እኮ በአዘዞ ነው የምንወጣው። ጣና እንዴት በጎሃ በኩል ይሆናል?»

«መንገዱን ተይውና ጥላውን ተመልከች» ተባለች። ጣሳዋን ዝም ብላ አስቀመጠች።

ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ከጎንደር ወደ አዘዞና ወደ ጣና የሚኬደው በደቡብ በኩል ነው፣ የጎሃ ኮረብታ ግን በስተሰሜን ነው። የዚያን ቀን ከባዱ ጥፋትም የመስመሩ መሳሳት አልነበረም። በእግሯና በመኪና የምታውቀውን አገር ጥላ እንዲያስክዳት መደረጉ ነው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ እስከ 23.5 ዲግሪ ሰሜን ትሄዳለች። ስለዚህ ሚያዝያ 16 ገደማ በጎንደር አናት ላይ አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ስትመለስ ነሐሴ 12 ገደማ እንደገና በአናት ታልፋለች። በመካከሉ ባሉት አራት ወራት ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በጎሃ በኩል ስለምትሆን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ኅዳር 12 ቀን የ1 ሜትር ዱላ የቀትር ጥላ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ነው፤ ግንቦት 10 ቀን ግን 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ወደ ደቡብ ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ደንቡ ስለሚሠራ ስሕተቱ ተደብቆ ይኖራል፤ የሚጋለጠው የአቅጣጫው ትምህርት ወደ ግንቦት ወይም ሰኔ ሲገፋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስትሄድ አናት የምታልፈው ከጎንደር 10 ቀን ያህል ቀድማ ነው።

ሰዓቱም አሳስቷል። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ጎንደር ያለችው 37.5 አካባቢ ነው። ፀሐይ ለ1 ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት የጎንደር ቀትር በግንቦት 6፡27 ገደማ ነው የሚሆነው፤ እንደ ወሩ ጥቂት ደቂቃ ከፍ ዝቅ ይላል። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ወደ ምሥራቅ ያጋደለች ስለነበረች ጥላው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አዘዞ ዞሮ ነበር። «ሰሜን» የተባለው እሱ ነው።

በየትኛውም ወር የማያሳስተው የእኩል ጥላ ዘዴ ነው። ዱላው በቱምቢ ይቁም፤ ቱምቢ ከሌለ ክር ላይ የታሰረ ብሎን ይበቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ ጥላው 12 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ወር የዱላው አናት 5 ሴንቲ ሜትር ቢያዘም የጥላው ጫፍ በዚያው መጠን ይሸሻል። የጎንደር ሜዳ ዳገት ስለሚበዛው ከባንዲራው ሥር ያለው ሲሚንቶ ይሻላል፤ እሱም በውኃ ልክ ይታይ። ከዚያ 4 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይደረጋል። በግንቦት ያን ጊዜ ጥላው 72 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዱላው ሥር እስከ ጠጠሩ በሚደርስ ገመድ ክብ ይሰመራል። ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጥላው ረዝሞ ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛው ጠጠር ይቀመጣል። ግራ እግርን በጠዋቱ ጠጠር፣ ቀኝ እግርን በከሰዓቱ ላይ አድርጎ የቆመ ልጅ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው።

ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ የጠዋቶቹ ያሰመሩትን የከሰዓቶቹ ይጨርሱት፤ ክቡና ዱላው እንዳይነኩ ግን አንድ ልጅ ዘብ ይቁም። በግንቦት ከሰዓት ደመና ስለሚመጣ 4፡00፣ 4፡30 እና 5፡00 ላይ ሦስት ክብ ማስመር ያዋጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ስልክ ላይ ባለ ኮምፓስ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ከብረት በርና ከባንዲራው ምሰሶ ግን ራቅ ብሎ ነው።

በማግሥቱ እንዲህ ተደረገ። መስመሩ እንደተሰመረ መምህሩ ልጅቷን ጠርተው በክፍሉ ፊት «ትናንት ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሏት። ጣሳውን አንሥታ በአዘዞ በኩል አስቀመጠች። ሌሎቹም የቀሃንና የአንገረብን ወንዞች በሰማያዊ ክር ከላይ ከጎሃ በኩል ወደ ጣሳው ዘረጓቸው።