ከሕዝቡ ወይስ ከተቆሙት? የአሜሪካ ፖሊስ ኃይልና የዘር ስሌት

በአሜሪካ ፖሊስ በየዓመቱ 1 ሺህ ያህል ሰው ተኩሶ ይገድላል። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2024 በሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ ከሕዝብ ቁጥራቸው አንጻር ሲሰላ ጥቁሮች የሚገደሉበት መጠን ከነጮቹ ከእጥፍ ይበልጣል። ክርክሩ የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። «ለጠቅላላው ሕዝብ ለምን ይካፈላል? ፖሊስ ላስቆማቸው ብቻ ይካፈል» የሚሉ አሉ።

ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሮላንድ ፍራየር በዚህ ዓይነት ስሌት በ2016 ባወጣው ጥናት በሂዩስተን ከተማ በፖሊስ ተኩስ ላይ የዘር ልዩነት አላገኘም። ካቴና ማሰርንና ግድግዳ ላይ መግፋትን በመሰለው ኃይል ላይ ግን አግኝቷል፤ ጥናቱን የሚጠቅሱት ብዙዎቹ ይህችን ይዘሏታል።

ተመራማሪዎቹ ኖክስ፣ ሎውና ሙሞሎ በ2020 ያሳዩት የዚህ ስሌት ስንጥቅ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ፖሊሶች 100 ነጮችን በበቂ ምክንያት አስቆሙ፤ በ10ሩ ላይ ኃይል ተጠቀሙ እንበል፤ 10 በመቶ። ከጥቁሮች በዚያው ዓይነት ምክንያት 100 ቆሙ፤ በ14ቱ ላይ ኃይል ተጠቀሙ። ሌሎች 100 ጥቁሮች ደግሞ ያለ ምክንያት ቆሙ፤ በ4ቱ ላይ ተጠቀሙ። ድምሩ 18 ከ200፣ ማለትም 9 በመቶ። ጥቁሮቹ ሁለት ጊዜ ተበድለው ሳለ ሠንጠረዡ ነጮቹ የባሰባቸው ያስመስላል። አላግባብ የቆሙት ሰዎች የሚካፈልበትን ቁጥር አሳበጡት፤ አድልዎው ራሱን ደበቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው ማስቆሙ ነው። አንዱ መንገድ ፍተሻው ምን አስገኘ ብሎ ማየት ነው። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው አስቁሟል። በ2013 በከተማዋ ላይ በቀረበው የፍሎይድ ክስ የተሰጠው ፍርድ (ከጆርጅ ፍሎይድ ጋር አይገናኝም) እንደመዘገበው፣ መሣሪያ የተያዘው ከቆሙት ጥቁሮች በ1.0 በመቶ፣ ከነጮቹ በ1.4 በመቶ ነው። ጥቁሩን ለማስቆም አነስ ያለ ጥርጣሬ ይበቃ ነበር ማለት ነው። ኃይል የተጠቀሙት ደግሞ በጥቁሮቹ 23፣ በነጮቹ 17 በመቶ ላይ።

ለመኪና ሌላ መፈተኛ አለ፦ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅና ከጠለቀች በኋላ የቆሙትን ማነጻጸር። በአሜሪካ ከምሽቱ 1 ሰዓት በሰኔ ብርሃን ነው፤ በታኅሣሥ ጨለማ። የአሽከርካሪው መልክ በማይታይበት ጊዜ የጥቁሮች ድርሻ ከቀነሰ፣ መልክ ሚና ነበረው። የመንገድ መብራት የበዛበት ጎዳና ግን ልዩነቱን ያደበዝዘዋል፤ ውጤቱ ዜሮ ቢሆንም አድልዎ የለም ለማለት አያስችልም።