አራት ቶን ወዴት ይሄዳል?

አንድ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ልንልክ ነው። የተገኘው ባዶ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ነበር። ሞራሌ፣ ሚስማር፣ ሰንሰለትና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ እንዲገዛ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን አየና ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን አራት ቶን ነው። በስንት መከራ ነው ያነሳነው። በራሱ ተነስቶ ወዴት ይሄዳል?»

ጫኞቹም አብረው ሳቁ። አለቃ ሲስቅ የማይስቅ ጫኝ እስካሁን አላየሁም።

ይህቺ አባባል ሁሌም ታናድደኛለች። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የሚቆመው መኪናው ነው፤ ማሽኑ ገና መንገድ ላይ ነው። ከባድ በሆነ ቁጥር ደግሞ ለማስቆም የሚፈጀው ጉልበት አብሮ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የኮንቴነር አጫጫን መመሪያ፣ መኪና ላይ ወደፊት የሚገፋውን ኃይል የክብደቱን 80 በመቶ አድርጋችሁ አስቡ ይላል። ለአራት ቶን 3.2 ቶን መሆኑ ነው። የብረት እግር በእንጨት ወለል ላይ በሰበቃ የሚይዘው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ዘይት የጠጣ የቶርኖ እግርማ ከዚያም ያንሳል። ቀሪውን ማን ይያዘው? ግድግዳው እንደሆነ ቆርቆሮ ነው።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ።

«እሺ ኢንጂነር» አለኝ።

እኛ ግቢ «እሺ ኢንጂነር» ከተባልክ ክርክሩን ተሸንፈሃል ማለት ነው። ገንዘቡን ግን ለቀቀ። ማሽኑ ቢሰበር ከገዢው ጋር የሚጨቃጨቀው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

ቶርኖውን ክብደቱ መሃል ላይ እንዲያርፍ አድርገን አስቀመጥነው። ላስቲኩን ከእግሩ ሥር አነጠፍን። ከፊቱ ሞራሌ አጋደምን፤ ግፊቱ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን የማዕዘን ምሰሶዎቹ ላይ እንዲያርፍ። ሰንሰለቱን በአራቱም ማዕዘን ከወለሉ ቀለበቶች ጋር ወጥረን አሰርን።

እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ ነበር፣ ችግር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጋሪና ከብት የሄደበት ያውቀዋል። ሻሸመኔ ላይ ባጃጅ ድንገት ገብቶበት ፍሬኑን እስከ መጨረሻው እንደረገጠው ሹፌሩ ራሱ ነገረን።

ሐዋሳ ኮንቴነሩ ሲከፈት ማሽኑ ባስቀመጥንበት ቦታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና ወደ እኔ ዞረ።

«አየህ? ንቅንቅ አላለም! ያ ሁሉ እንጨት በከንቱ!»

መልስ ጠፋኝ። ተንሸራቶ ግድግዳውን ቢበሳ ኖሮ ልክ እሆን ነበር። ስላልተንሸራተተ ገንዘብ አባካኝ ሆንኩ።

የፊቱን ሞራሌ ነቅዬ አመጣሁለት። የቶርኖው እግር የተደገፈበት ቦታ ጎድጉዷል፣ ጣት ያስገባል። እንጨቱ ከዚያው ጀምሮ በቁመቱ ተሰንጥቋል። ተቀብሎኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ስንጥቁን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ።

«እንዲህ ያለ የማይረባ እንጨት ነው እንዴ የገዛህልን? ደረሰኙን አምጣ እስቲ።»