የ1862ቱን የጃፓን ጎራዴ ወደ ሜሪላንድ ያስገባሁበት መንገድ

ጎራዴው ቶኪዮ ውስጥ ተገዝቶ ሜሪላንድ ካለው ቤቴ እስኪገባ አሥራ አንድ ወር ወስዷል። አውሮፕላን ላይ የቆየበት ጊዜ ተደምሮ ሁለት ቀን አይሞላም፤ የቀረውን ጊዜ የበላው ወረቀት ነው። እኔ ስጨነቅ የኖርኩት ስለ ስለቱ ነበር፤ ያስቸገረኝ ግን በእጀታው ላይ የተለበጠው የዓሣ ቆዳና ከአፎቱ ጎን የተሰካች አንዲት ትንሽ ቢላዋ ናት። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳይደግመው ነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው ዋኪዛሺ የሚባለው አጭር ጎራዴ ሲሆን የስለቱ ርዝመት 46.2 ሳንቲ ሜትር ነው። እጀታው ውስጥ በሚቀበረው የብረቱ ጅራት ላይ፣ በአንድ በኩል የቀጥቃጩ ስም፣ በሌላው በኩል «ቡንክዩ ሁለተኛ ዓመት፣ ስምንተኛ ወር» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ይህም 1862 ማለት ነው። ይህ ቀን ለጉምሩክ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዕቃ በታሪፍ ቁጥር 9706 እንደ ጥንታዊ ቅርስ ሲስተናገድ፣ ዕድሜው ያልተረጋገጠ ጎራዴ ግን በ9307 እንደ ማንኛውም ሰይፍ ይታያል። ስለዚህ የብረቱን ጅራት በሁለቱም በኩል በጥራት ፎቶ አስነሥቼ ከደረሰኙ ጋር አያያዝኩት።

የጃፓን በኩል ያለው ሥርዓት ጥብቅ ቢሆንም ግልጽ ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ ጎራዴ ቶሮኩሾ የሚባል የምዝገባ ወረቀት አለው፤ የሚሰጠውም የየክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ሲሆን፣ ወረቀቱ ላይ ርዝመቱ፣ ጉብጠቱ፣ የመያዣ ቀዳዳው ብዛትና የተቀረጸው ጽሑፍ ይሰፍራል። ጎራዴውን ከአገር ለማስወጣት ከባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የጥንታዊ ዕቃ መውጫ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል። በብሔራዊ ሀብትነት ወይም በጠቃሚ ባህላዊ ቅርስነት የተመዘገበ ጎራዴ እንዲወጣ አይፈቀድም፤ የእኔ ዓይነቱ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማረጋገጫውን ያገኛል። ጎራዴው ሲወጣ ቶሮኩሾው ተመላሽ ይደረጋል። ይህችን የመጨረሻ ነጥብ አንብቤ አልፌያት ነበር፤ ክብደቷን የተረዳሁት በኋላ ነው።

በ2022 ጥቅሉ ሲላክ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈው «ጥንታዊ የብረት ጎራዴ ከነእጀታውና ከነአፎቱ» የሚል ብቻ ነበር። ሻጩ አዛውንት ግን በደረሰኛቸው ላይ የእጀታውን ልባስ በእንግሊዝኛ «የሻርክ ቆዳ» ብለው ተርጉመውታል። በጃፓንኛ ያ ቆዳ «ሳሜ» ይባላል፤ ቃሉም በእርግጥ ሻርክ ማለት ነው። ቆዳው ራሱ ግን ሬይ ከሚባለው፣ እንደ ሰሌን ጠፍጣፋ ከሆነው ዓሣ የሚገፈፍ ነው። ጥቅሉ አሜሪካ እንደ ደረሰ ተያዘና የእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተገኘ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ከሰባት ሳምንት በኋላ ዕቃው ወደ ላኪው እንዲመለስ ተወሰነ።

የቶሮኩሾው ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ ተመላሽ ስለተደረገ፣ ጎራዴው ወደ ጃፓን ሲገባ ምዝገባ የሌለው ስለት ሆኖ ነው የገባው፤ በዚያ አገር ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ ጎራዴ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። አዛውንቱ በእኔ ጥፋት ለጉምሩክና ለፖሊስ አስታውቀው፣ የትምህርት ቦርዱ የምርመራ ቀን እስኪደርስ ጠብቀው፣ ጎራዴውን እንደ አዲስ አስመዘገቡልኝ። አንድም የምሬት ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛውን ሙከራ ከመጀመሬ በፊት ራሴ ቶኪዮ ሄጄ፣ ጎራዴው እጀታና አፎት በሚያበጅ ባለሙያ ቤት ሲፈታ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ባለሙያው የቀርከሃዋን ሽብልቅ ገፍቶ ብረቱን ሲያወጣ የቅርንፉድ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጃፓኖች ስለቱን ከዝገት የሚጠብቁት ቅርንፉድ በገባበት ዘይት ነው። ከዚያ የሐር ጥብጣቡን በትንሹ ገለጥ አድርጎ ቆዳውን አሳየኝ። ነጭ ሆኖ የጠበቅኩት ቆዳ ከእርጅና የተነሣ የማር መልክ ይዟል፤ ላዩ እንደ ማሽላ ፍሬ በተደረደሩ ጠንካራ ነጠብጣቦች የተሞላ ሲሆን፣ መካከል ላይ ከሌሎቹ ጎላ ያሉ ጥቂት ፍሬዎች ይታያሉ። እነዚህ ከዓሣው ጀርባ መሐል የሚገኙ ናቸው፤ የጥንት ባለሙያዎችም ሆን ብለው ከእጀታው ፊት ላይ እንዲውሉ ያደርጓቸው ነበር። የዓሣዎች ተመራማሪ የሆነ ሰው ፎቶውን አይቶ ፓስቲናኩስ ከሚባለው ወገን መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጠልኝ። ማረጋገጫው ያስፈለገው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንዳንድ የሬይ ዓይነቶችን በዝርዝሩ ስላስገባ ነው፤ ለምሳሌ ማንታ ሬይ በ2013፣ ግዙፎቹ የጊታር ዓሣዎች ደግሞ በ2019 እንዲመዘገቡ ተወስኗል። የእኔው በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ባለሙያው ሌላም ነገር በጽሑፍ ሰጠኝ፤ የሐር ጥብጣቡ በቅርብ ዘመን የተተካ ቢሆንም ቆዳው ግን ያልተነካ የድሮው መሆኑን። ይህ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት አካል ለተሠሩ ጥንታዊ ዕቃዎች የተለየ አያያዝ የሚሰጠው፣ መቶ ዓመት የሞላቸው ከሆኑና ከዲሴምበር 28 ቀን 1973 ወዲህ በእንዲህ ዓይነት እንስሳት አካል ካልተጠገኑ ብቻ ነው። የብረቱ ቀን 1862 መሆኑ ለእጀታው አይመሰክርለትም፤ ብዙ ጎራዴዎች ከስለታቸው እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው እጀታና አፎት ነው ያላቸው።

ትልቁ ድንጋጤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአፎቱ ጎን ባለች ጠባብ ኪስ ኮዙካ የምትባል ትንሽ ቢላዋ ትሰካለች፤ የእኔዋ እጀታ ነጭ ስለነበር አጥንት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ባለሙያው ማጉያ መነጽር ሰጥቶኝ የእጀታዋን ጫፍ እንዳይ ነገረኝ። አጥንት ቢሆን ኖሮ የደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታዩ ነበር። እኔ ያየሁት ግን እንደ ሰፌድ ስፌት የሚጠላለፉ ቀጫጭን ቅስት መስመሮችን ነው፤ ይህ የዝሆን ጥርስ ምልክት ነው። የአፍሪካ ዝሆን ከሆነ፣ በግዢ የተገኘ ዕቃ ዕድሜው ምንም ያህል ቢረዝም ወደ አሜሪካ አይገባም። የእስያ ዝሆን ከሆነ ደግሞ ዕድሜውንም ዝርያውንም በማስረጃ ማሳየትና የሳይተስ ሰነድ ማቅረብ ግድ ነው፤ ሁለቱን በዓይን ለመለየት ግን አይቻልም። የመጀመሪያው ጥቅል በዓሣው ቆዳ ጥያቄ ባይመለስና ፈታሹ ይህችን ቢላዋ ቢያይ ኖሮ መወረስ ሊመጣ እንደሚችል ሳስብ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። ኮዙካዋን ከአፎቱ አውጥቼ በአዛውንቱ ዘንድ ትቻት መጣሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ዲክላራሲዮኑን በአንድ መስመር አልጨረስኩትም። ብረቱ፣ የሬይ ቆዳው ከነሳይንሳዊ ስሙ፣ የሐሩ ጥብጣብና የማግኖሊያ እንጨቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተጻፉ፤ «ሻርክ» የሚለው ቃል ከደረሰኙ ወጣ፤ በአሜሪካ በኩል የሚቀርበውንም የዱር እንስሳት ማስገቢያ ቅጽ በጉምሩክ አስተላላፊ አማካይነት ዕቃው ከመነሣቱ በፊት አዘጋጀሁ። ከዚህ ሁሉ ጠቃሚው ቅደም ተከተሉ ነው ብዬ አምናለሁ፦ መጀመሪያ ጎራዴውን ማስፈታት፣ ቀጥሎ ከእንስሳ የመጣውን እያንዳንዱን ክፍል መለየት፣ የጃፓኑን መውጫ ማረጋገጫ መጠየቅና ቶሮኩሾውን መመለስ ግን ከሁሉ በኋላ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአባቱን ወይም የአያቱን ጎራዴ ወደ ውጭ ለመውሰድ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ፣ የእጀታው ቀንድ የአውራሪስ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይመርምር፤ በአገር ቤትም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስን ያለ ፈቃድ ማስወጣት ይከለክላል።

ጥቅሉ በ2023 በዘጠኝ ቀን ደረሰ። ካርቶኑ ተከፍቶ በታሸገበት ቦታ የፈታሹ ማኅተም ነበረበት፤ ወረቀቶቹም በፕላስቲካቸው ውስጥ እንዳሉ ነበሩ። አፎቱን ሳወጣ በመጀመሪያ ጣቴ የሄደው ወደዚያች ባዶ ኪስ ነው። በኪሷ ውስጥ ኮዙካዋ የት እንዳለችና ለምን እንደቀረች በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፍኩባትን ትንሽ ወረቀት አጥፌ አኑሬያለሁ።