ከማረጥ በኋላ ሆርሞን ስወስድ የደረሰብኝ

ወር አበባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ጥር 2014፣ በ50 ዓመቴ ነው። ላቡ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮኛል። አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ ሳለ ከደረቴ ተነስቶ ወደ አንገቴና ወደ ፊቴ የሚወጣ እሳት ይለቅብኛል፤ ጠመኔው መዳፌ ውስጥ ረጥቦ ጭቃ ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ሲለቀኝ ደግሞ የራሰው ልብሴ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እነቃለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ በተኛበት ሰዓት እኔ መስኮት ከፍቼ፣ ከሜዳው ማዶ የሚጮኸውን ጅብ እየሰማሁ እቆማለሁ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብዬ መድኃኒት ዋጥኩ። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ግፊቴን ለክቶ ጭንቀት ነው አለኝ። ሦስተኛው ቦታ የሆርሞን ምርመራ ብለው ደም ቀዱኝ፤ ውጤቱ ማረጤን የሚናገር ነበር። ዕድሜዋ ከ45 በላይ የሆነ፣ ወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ የቀረና ላብ የያዛት ሴት ማረጧን ለማወቅ የደም ምርመራ አያስፈልጋትም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ያ ብር አሁንም ይቆጨኛል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየኋቸው የማህፀን ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ ነበሩ። ላቡን ያስታግሳል ስለሚባለው የሴት ሆርሞን፣ ስለ ኢስትሮጅን፣ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "እንዳትነኪው! የጡት ካንሰር ነው የሚያመጣብሽ። እናቶቻችን ያለ መድኃኒት አልፈውት የለ እንዴ?" አሉኝ። እናቴ እንዴት እንዳለፈችው እኔ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት ወጥታ ደጅ ትቀመጥ ነበር፤ እኛ ልጆቿ ለጸሎት የወጣች ይመስለን ነበር።

ሁለተኛው ወጣት ስፔሻሊስት ነው። "ያ የድሮ ወሬ ነው። ኢስትሮጅን የጡት ካንሰር እንደማይጨምር ተረጋግጧል፤ ዝም ብለው ይሠቃያሉ" አለኝ። ግፊት እንዳለብኝ፣ ደም ረግቶብኝ እንደሚያውቅ፣ ከቤተሰብ ጡቷን የታመመች እንዳለች ጠየቀኝ። ከዚያ ኢስትራዲዮል የሚባል የኢስትሮጅን እንክብል፣ 2 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ብሎ ጻፈልኝ። ከገባሁበት እስከ ወጣሁበት አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ሁለቱም የተማሩ ናቸው፣ አንዱ እሳት ነው ሲል አንዱ ውሃ ነው አለኝ። እኔም ልቤ የፈለገውን የነገረኝን መረጥኩ። ሁለቱን ምን አለያያቸው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ልጆችን ሒሳብ ሳስተምር ሁለት ተማሪዎች ሁለት መልስ ይዘው ቢመጡ መጀመሪያ የማየው ጥያቄውን አንድ ዓይነት አድርገው መገልበጣቸውን ነው። ለራሴ ጊዜ ግን ይህን ረሳሁት።

መድኃኒቱን ከሳሪስ እስከ ተክለ ሃይማኖት ፈልጌ አጣሁት፤ ዱባይ የምትኖር የእህቴ ልጅ በሰው ላከችልኝ። ጥር 2016 ላይ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ያንን ጠዋት አልረሳውም፤ አንሶላዬ ደረቅ ነበር፣ ጎኔ አልተቆራረጠም፣ ተማሪዎቼን ስጠራ ድምፄ ራሱ ሌላ ነበር።

ነሐሴ 7፣ ፍልሰታ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እርጥበት ተሰማኝ። ካረጥኩ ወዲህ ከደስታዬ አንዱ ቀን ሳልቆጥር ቤተ ክርስቲያን መግባቴ ነበር። ነጠላዬን አውርጄ ወገቤ ላይ አሰርኩና በሴቶቹ መሀል ቀስ ብዬ ወጣሁ። ደም ነው። የቀረውን ፍልሰታ ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ውጭ ቆሜ ጨረስኩ።

ጎረቤቴ "እሰይ፣ ወጣትነትሽ ተመለሰ!" አለችኝ። ፋርማሲ ያለው ልጅ "ሰውነትዎ መድኃኒቱን እየለመደው ነው" አለኝ። ክሊኒኩ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ዶክተር ሥልጠና ላይ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ይደውሉ" አለችኝ። ሌላ ሐኪም ይየኝ ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። እንክብሉን በየማታው እየዋጥኩ፣ ደሙ ሁለት ቀን ሲቆም ተስፋ እያደረግኩ፣ ሲመለስ እየደነገጥኩ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከሁሉም በላይ የምናደደው በዚህ በራሴ ላይ ነው። ወር አበባዋ ዓመት ሙሉ ቀርቶ ከዚያ በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ጠብታም ትሁን፣ ሳትውል ሳታድር ልትመረመር ይገባል። የመድኃኒት ባህርይ ነው፣ ድካም ነው፣ ጾም ነው የሚላትን ሁሉ አትስማ።

መስከረም 20 ቀን 2017 ወጣቱ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። ስነግረው ይጽፍ ነበር፤ መሀል ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ካርዴን ወደ ኋላ ገለጠ፣ እንደገና ወደ ፊት ገለጠ።

"ይቅርታ፣ ማህፀን አለዎት እንዴ?"

"አለኝ። ሦስት ልጆች ወልጄበታለሁ" አልኩት።

"ካርድዎ ላይ እኮ አልተጻፈም" አለኝ።

ማን ሊጽፈው ኖሯል? በዚያ ክፍል ውስጥ ብዕር የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ኢስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድጋል። ማህፀን ያላት ሴት ያንን ዕድገት የሚገታ ሁለተኛ ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን ወይም እሱን የመሰለ፣ አብራ መውሰድ አለባት። ካልወሰደች ሽፋኑ በየወሩ እየወፈረ ይሄድና እያደር ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ኢስትሮጅን ብቻውን የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ማህፀኗ በቀዶ ጥገና ለወጣ ሴት ነው። አምስት ደቂቃ ውስጥ ለአንድ ተጨማሪ ጥያቄ የሚሆን ቦታ ጠፍቶ እኔ ለስምንት ወር ያህል ያንን ስውጥ ኖሬያለሁ።

አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ሽፋኑ 14 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ካረጡ በኋላ ደም የታየባት ሴት ሽፋኗ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ካርድ ክፍል ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ወረቀቱን በመስኮት ሳቀብል ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ማህተም የለውም" ብሎ መለሰልኝ። ደም እየፈሰሰኝ ነው አልኩት። "ቀጣይ!" አለ። ለአንድ ማህተም ከተማውን አቋርጬ ተመለስኩ፤ ቀኑ በዚያው አለቀ።

በማግስቱ ናሙናውን የወሰዱልኝ ሐኪም ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ቀጭን ቱቦ ነው የሚገባው። ሕመሙ እንደ ምጥ ጫፍ ጨምድዶ ይይዝና በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም፣ ግን ይቻላል። ከዚያ አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ሰጡኝና ምርመራው የሚሠራበት ላቦራቶሪ ራሴ እንዳደርሳት ተነገረኝ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ደግሞ ሸፍኜ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ያዝኳት። ረዳቱ "እማማ፣ ዕቃውን ከታች ያስቀምጡት" አለኝ። አላስቀመጥኩም። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ክዳኗን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ይዤ ነበር።

ውጤቱ 16 ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ለልጆቼ ምንም አልተናገርኩም፤ የቤቱን ካርታና የባንክ ደብተሬን አንድ ላይ አስቀመጥኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሽፋኑ ተባዝቶ ወፍሯል፣ የካንሰር ምልክት ግን የለውም የሚል ነበር። ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ነው ያለቀስኩት።

እሳቸው ናቸው ሁለቱ ሐኪሞች በምን እንደተለያዩ የነገሩኝ። የአልትራሳውንዱን ፖስታ ገልብጠው መሀሉ ላይ መስመር አሰመሩ። "አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጥናት ነበር" አሉኝ። "በአንድ በኩል ማህፀን ያላቸው ከ16,000 በላይ ሴቶች፤ ግማሽ ያህሉ ሁለቱን ሆርሞን አንድ ላይ ወሰዱ፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት እንክብል። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2002 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ የጡት ካንሰር ከ10,000 ሴቶች በዓመት በ8 ያህል ጨምሮ ተገኘ። ዓለም ሁሉ ሆርሞን የጣለው ያኔ ነው። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር፤ አንቺ 52 ነሽ። በሌላ በኩል ማህፀናቸው የወጣ፣ ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱ። እነዚህ ላይ ስትሮክ ቢጨምርም የጡት ካንሰር አልጨመረም። የፊተኛው ሐኪምሽ የግራውን ነገሩሽ፣ የኋለኛው የቀኙን። አንቺን ወስዶ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደምትቆሚ ያየ የለም።"

ያንን ፖስታ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱም አልዋሹኝም፤ ሁለቱም ግን ስለ ሌላ ሴት ነው ያወሩት።

ኢስትሮጅኑን አቆምኩ። ላቡ በአሥር ቀን ውስጥ ተመለሰ። ኅዳር ላይ ሆርሞን ያለው ሉፕ ማህፀኔ ውስጥ ገባ፤ የሚለቀው ሆርሞን ሽፋኑን ያሳሳል። ጎረቤቴ በ53 ዓመትሽ የወሊድ መቆጣጠሪያ ምን ያደርግልሻል ብላ ተደነቀች። ከስድስት ወር በኋላ ናሙናው ተደገመ፣ ንጹሕ ሆነ። ማሞግራም ተነሳሁ፣ ግፊቴ ታየ። ከዚያ ሉፑ እንዳለ ሆኖ ኢስትሮጅኑን በግማሽ፣ በ1 ሚሊ ግራም፣ እንደገና ጀመርኩ። ይህን ሁሉ አይተሽ ደግሞ? የሚሉኝ አሉ። አዎ። ከ60 በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ላቡ ኑሮዋን ለነሳት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ ብዙ ጊዜ እንደሚያመዝን ሐኪሟ በትዕግሥት አስረድተውኛል። የጡት ካንሰር የያዛት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) ያገኛት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ግን አትጀምር። በዚህ ምንም ክርክር የለኝም።

ደንቡ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር ውጪ ይላል። ለዚህ ጉዳይ ግን እኔ ብሆን፣ አቅም ካለሽ፣ በቀጥታ ማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ እላለሁ፤ ሁለት ዓመቴን ታይፎይድና ጭንቀት በልተውብኛል። በየሐኪሙ አትዙሪ፣ ግራ ትጋቢያለሽ የሚሉሽንም አልቀበልም። ዙሪ፤ ግን ሁለተኛውን ሐኪም የመጀመሪያው ያለውን ነግረሽ ለምን እንደተለያዩ ጠይቂው። ሊያስረዳሽ የሰለቸው ሐኪም ማዘዣም አይጻፍልሽ። መድኃኒት ከውጭ ካስመጣሽ ካርቶኑንም ወረቀቱንም አትጣዪ። የእኔ ማሸጊያ ውስጥ የነበረችው ወረቀት ማህፀን ስላላቸው ሴቶች ጉዳይ ጽፋለች፤ በደቃቅ እንግሊዝኛ። ስምንት ወር ያህል መሳቢያዬ ውስጥ ተጣጥፋ ነበረች።

ባለፈው ወር ለክትትል ስሄድ አዲስ ሐኪም ነበር የገባልኝ። ካርዴን ሲከፍት ከላይ በቀይ እስክሪብቶ "ማህፀን አለ" የሚለውን አየ። "ይህን ማን ጻፈው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና የቀረውን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ።