ለቤት ፖከር ስንት ቺፕ፣ ባለ ስንት?

የመጀመሪያውን የፖከር ምሽት ቤቴ ያዘጋጀሁ ዕለት ቺፖቹን (በገንዘብ ፈንታ የምንወራረድባቸውን ክብ ፍሬዎች) ያከፋፈልኩት ሳጥኑ እንደመራኝ ነበር። ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 25፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ቺፖች ከየዓይነታቸው 100 ፍሬ ስለነበሩ፣ ለስምንታችን ከእያንዳንዱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሳድል ፍትሐዊ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ብላይንዱ (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች የግድ የሚያስቀምጡት ትንሽና ትልቅ ውርርድ) 1 እና 2 ሆኖ ሳለ የእያንዳንዳችን ሀብት አብዛኛው በባለ 50 እና በባለ 100 ተቆልፎ ስለነበር፣ ባለ 1ዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ፖት (መሃል ላይ የተሰበሰበውን ውርርድ) በበሉት ሁለት ሰዎች ፊት ተከመሩ፤ የቀረነው በየዙሩ መልስ ስንጠይቅና ስንመነዝር አመሸን።

ከዚያ ወዲህ ስሌቱን የምጀምረው ከትንሹ ብላይንድ ነው። ትንሿ ቺፕ ከትንሹ ብላይንድ ጋር እኩል ከሆነች ከእርሷ የሚያንስ ዝርዝር የሚፈልግ አይኖርም፤ ቀጣዩ ቺፕ ደግሞ የቀዳሚውን አራት ወይም አምስት እጥፍ ቢይዝ ይበቃል። 1፣ 5፣ 25፣ 100 የሚለው የተለመደ ቅደም ተከተል የተመሠረተው በዚህ ነው። ባለ 50 ቺፕ ሁለት ባለ 25ቶች የሚሠሩትን ብቻ ስለሚሠራ በእኔ አስተያየት ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውም።

ለውድድር ጨዋታ ብላይንዱን በ25 እና 50 ጀምሬ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10,000 እሰጣለሁ፤ ይህም 200 ትልልቅ ብላይንድ ማለት ነው። ክፍፍሉ ስምንት ባለ 25፣ ስምንት ባለ 100፣ ስምንት ባለ 500 እና አምስት ባለ 1,000 ሲሆን፣ ለአንድ ሰው 29፣ ለስምንት ሰዎች 232 ቺፕ ይሆናል። ባለ 25ቶቹን ስምንት ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በውድድር ብላይንዱ በየጊዜው ስለሚያድግ፣ 100 እና 200 ሲደርስ ባለ 25 ሥራ ስለሚያጣ ከጠረጴዛው ተሰብስቦ በባለ 100 ይለወጣል፤ በጠቅላላው 64ቱ ባለ 25ቶች 1,600 ስለሚሆኑ በትክክል 16 ባለ 100 ይተኳቸዋል። በአንዳንዱ ሰው እጅ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ባለ 25 መቅረቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ለእያንዳንዷ ትርፍ ቺፕ አንድ ካርታ ይታደላል፣ ከፍተኛ ካርታ የደረሳቸውም ባለ 100ዎቹን ይወስዳሉ፤ ሆኖም በዚህ ዕጣ ምክንያት ማንም ከጨዋታ አይወጣም። 300 ቺፕ ያለው ሰው 232ቱን አድሎ 16ቱን ለዚህ ልውውጥ ካስቀመጠ በኋላ 52 ይቀሩታል፤ ተሸንፎ እንደገና ለሚገባ ሰው ከእነዚህ በባለ 1,000 መስጠት ነው እንጂ ዝርዝር መጨመር አያስፈልግም፣ ዝርዝሩ አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ አለና።

በእውነተኛ ገንዘብ ሲጫወቱ ብላይንዱ ስለማይጨምር ትንሿ ቺፕ እስከ መጨረሻው ታገለግላለች። ብላይንዱ 1 እና 2፣ መግቢያው 200 ከሆነ 20 ባለ 1፣ 16 ባለ 5 እና 4 ባለ 25 እሰጣለሁ። እዚህ ላይ ዋናው ሠራተኛ ባለ 5 ነው፤ መሃል ላይ ከሚቀመጡት የጋራ ካርታዎች መገለጥ በኋላ የሚደረጉት ውርርዶች አብዛኞቹ በእርሱ ስለሚቆጠሩ፣ ሲገዙ መሳሳት ካልቀረ እርሱን በማብዛት መሳሳት ይሻላል።

ቁጥር ያልተጻፈባቸው ቺፖች ለሁለቱም ዓይነት ጨዋታ እንደሚመቹ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አዲስ እንግዳ በየዙሩ «ቀዩ ስንት ነበር?» ሲል መስማት ስለሚሰለቸኝ ቁጥር ያለውን እመርጣለሁ። ቀለሞቹንም ጨዋታው በሚካሄድበት መብራት ሥር ማየት ይገባል፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር በደብዛዛ ብርሃን አይለዩምና።

ከዚያ የመጀመሪያ ሳጥን የተረፉት ባለ 50ዎች ዛሬም እንዳሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ካርታ የማደል ተራ የማን እንደሆነ ማመልከቻ ሆኖ ያገለግላል።