ካሜራ ከያዝኩ አራት ወር፦ «ለማኝ አስመሰልሽኝ»

ሰላም ጓዶች፣ እንደለመድነው የዚህን ወር ላካፍላችሁ። ያገለገለችው ካኖኔና 50 ሚሜ ሌንሷ አሁንም አብረን ነን፣ ማኑዋል ላይ (ሁሉን ራሴ እያስተካከልኩ) መስራት ጀምሬያለሁ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ምናምንም እየገባኝ ነው፣ እሱን እንለፈው።

ባለፈው ያሳየኋችሁን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ብሔራዊ ትያትር አንበሳው ጋ የሚሰራው ሊስትሮ፣ ሁላችሁም ልብ ይነካል ያላችሁት። ወስጄ ለልጁ አሳየሁት፣ አየው አየውና «እህቴ፣ ለማኝ አስመሰልሽኝ እኮ» አለኝ። ክው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲተርብ የሚውል ልጅ ነው እኮ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን እውነቱን ነው፣ እኔ ቆሜ እሱ ተቀምጦ ቁልቁል ስላነሳሁት አንሷል፣ ስድስት ሰዓት ስለነበር የኮፍያው ጥላ አይኑን ውጦታል፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ በጣም ስለሚያበራ ካሜራው በራሱ ብርሃን ቀንሶ ፊቱን አጨልሞታል፣ አጠገቡ የሚስቀውን ደንበኛ ደግሞ ክሮፕ አድርጌ፣ ማለትም ጠርዙን ቆርጬ፣ ያስወጣሁት እኔው ነኝ። ፎቶሾፕ አልነካሁትም እያልኩ ስመጻደቅ ነበር ደግሞ!

ከዛ ወዲህ የ77ቱ ረሃብ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ላይ ታየ፣ ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተደረገ፣ እርዳታ መጣ፣ ሰው ተረፈ፣ ይሄን ማንም አይክደውም። ግን ረሃቡን ያባባሰው ጦርነት ከተራቡት ሰዎች ፊት ላይ አይነበብም፣ አሜሪካ ያለውን አጎቴን ደግሞ ይኸው እስከዛሬ «እናንተ ሀገር ምግብ አለ ወይ?» ይሉታል። አንድ ምስል አርባ አመት ሙሉ ሀገር ሆኖ ሲኖር አስቡት።

በማግስቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ ይቅርታ ጠየኩት። ብሩሾቹንና የቀለም ቆርቆሮዎቹን ራሱ ደረደረና «በይ አሁን አንሺ» አለኝ። መሬት ቁጭ ብዬ፣ ካሜራውን ከደረቱ ዝቅ አድርጌ፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በ1 ደረጃ ከፍ አድርጌ አነሳሁት፣ አንበሳው ከኋላው ብዥ ብሎ፣ እሱ ደንበኛውን እየተረበ።

ሁለት ጓደኞቼ ግን «የፊተኛው ይሻላል፣ ስሜት አለው» አሉኝ። የማን ስሜት? እስካሁን አልበረደልኝም።

ለልጁ ፒያሳ አሳጥቤ ሰጠሁት፣ የሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፎታል፣ ያው ጥቁር ቀለም ነክቶታል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ጫማ ሲጠርግ እጁ በጣም ስለሚፈጥን በ1/125 ሰከንድ ደብዝዞብኛል፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/500 ላድርገው ወይስ እንዲህ ሲሆን ነው ስራው የሚታየው?