መስመር የሚጨመርበት ፎርም ስትሠሩ ባዶውን ቅንፍ አትመኑት

ባሕር ዳር ላለ አንድ የዓሣ መረከቢያ የዕለት መመዝገቢያ የድረ ገጽ ፎርም ሠርቻለሁ። ጀልባ ሲደርስ ተረካቢው የአጥማጁን ስም ይጽፍና ከሥሩ ያመጣውን በየዓይነቱ ያስገባል፦ የዓሣው ዓይነት፣ ኪሎው፣ ሆድ ዕቃው የወጣለት ከሆነ ደግሞ ምልክት። አንዱ ቆሮሶ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ቆሮሶም አምባዛም ነጭ ዓሣም ያራግፋል። ስለዚህ መስመር የሚጨመርበትና የሚጠፋበት ፎርም ግድ ነው። ሥራውን ያዘዘኝ ኃላፊ ግን የወረቀቱ ቅጽ 10 መስመር ስላለው ፎርሙም 10 ይኑረው ብሎ ድርቅ አለ። ወረቀቱ 10 ላይ የቆመው እኮ ገጹ ስላለቀ ነው!

የተለመደውን ባጭሩ ልለፈው። የመስመሩን ንድፍ በቴምፕሌት ታግ (ገጹ ላይ በማይታይ የኤችቲኤምኤል መያዣ) ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ ቅዱ። የመጀመሪያውን መስመር ራሱን ከቀዳችሁ ሰው የጻፈበት ኪሎም መለያ አይዲውም አብረው ይቀዳሉ። የ‹ጨምር› እና የ‹አጥፋ› አዝራሮች ታይፓቸው ‹በተን› ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ብራውዘሩ መላኪያ አድርጎ ይወስዳቸውና ጨምር ሲባል ያልተሞላው ፎርም ይሄዳል። የአዝራሮቹን ጠቅታ የሚያደምጠውን ኮድ በየመስመሩ ሳይሆን መስመሮቹን ሁሉ በያዘው እናት ሳጥን ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጡ። ለዚህ ሥራ ሪአክት ወይም ቩ የሚባሉት የጃቫስክሪፕት ማዕቀፎች ያስፈልጋሉ የሚሏችሁን አትስሙ፤ በጥቂት መስመር ተራ ጃቫስክሪፕት ያልቃል።

የኪሎው ሳጥን ታይፑ ‹ነምበር› ባይሆን ይሻላል። ሰው 12,5 ብሎ በኮማ ሲጽፍ አንዳንዱ ብራውዘር ባዶ አድርጎ ያስረክባችኋል። ተራ የጽሑፍ ሳጥን አድርጉት፣ ስልክ ላይ የቁጥር ሰሌዳ እንዲመጣ ኢንፑትሞዱን ‹ዴሲማል› በሉት፣ ኮማውን ሰርቨሩ ላይ ወደ ነጥብ ቀይሩት። የዓሣው ዓይነት ደግሞ ከዝርዝር ይመረጥ እንጂ አይጻፍ። ‹ዓሣ› የሚለው ቃል ራሱ ዓሣ፣ አሳ፣ ዐሳ እየተባለ በሚጻፍበት አገር ነፃ ጽሑፍ ከፈቀዳችሁ አንዱ ዓይነት አራት ሆኖ ይደመራል፤ ለጆሮ አንድ የሆነው ፊደል ለኮምፒውተር ሌላ ነው። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ሥር አጥኚዎች ጣና ላይ 15 ያህል ዝርያ ይለያሉ፤ ሚዛን ላይ ግን የሚለየው ስለሌለ ዝርዝሩ ላይ አንድ አድርጌ ተውኩት።

አሁን ወደሚያናድደው። ያየኋቸው የፒኤችፒ (ፎርሙን ሰርቨሩ ላይ የሚቀበለው የፕሮግራም ቋንቋ) ማስተማሪያዎች ከሳጥኑ ስም ቀጥሎ ባዶ ባለማዕዘን ቅንፍ አስገቡ፣ ሰርቨሩ ራሱ 0፣ 1፣ 2 እያለ ይቆጥርላችኋል ይላሉ። ሦስቱንም ሳጥን እንደዚያ ሰየምኳቸው። ለዓይነቱና ለኪሎው ይሠራል። ለምልክቱ አይሠራም፤ ብራውዘር ምልክት ያልተደረገበትን ቼክቦክስ ጭራሽ አይልከውም። 0 ብሎም፣ ባዶ ብሎም አይልክ፤ ስሙንም አያነሣው።

ቆሮሶ 14 ኪሎ ምልክት የለውም፣ አምባዛ 22 ኪሎ ምልክት አለው፣ ነጭ ዓሣ 9 ኪሎ የለውም እንበል። ሰርቨሩ ጋ 3 ዓይነት፣ 3 ኪሎና 1 ምልክት ይደርሳል። ምልክቱ ብቻውን ስለመጣ ቁጥሩ 0 ይሆናል፤ 0 ደግሞ የቆሮሶው መስመር ነው። ሙሉው ቆሮሶ ሆድ ዕቃው በወጣለት ዋጋ ይሰላል፣ የተለፋበት አምባዛ በሙሉ ዓሣ ዋጋ ይሄዳል። የኪሎው ድምር ልክ ስለሚመጣ ሒሳብ ሲዘጋ ማንም አይጠረጥርም። እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ነበር ምልክት የማደርገው፤ በዚያ ሙከራ ስሕተቱ መቼም አይታይም። ለዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እታዘባለሁ። ተረካቢዎቹ ሲስተሙ ያዛባል ሲሉ ኃላፊው ተጠንቅቃችሁ አትሞሉም ብሎ በእነሱ ላላከከው ደግሞ እሱንም ጭምር።

የመጀመሪያ ማስተካከያዬ ባሰ። ከቼክቦክሱ በፊት በዚያው ስም 0 የያዘ ስውር ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ይህም በየቦታው የሚመከር ነው። በባዶ ቅንፍ ግን ስውሩም ምልክቱም ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ከላይ ላለው ምሳሌ 0፣ 0፣ 1፣ 0 ደረሰ። ለሦስት መስመር አራት ቁጥር! ምልክቱ ወደ ነጭ ዓሣው ተሻገረ።

ሁለተኛው ማስተካከያ ቁጥሩን ራሴ ስሙ ውስጥ መጻፍ ነበር፦ መስመር 0፣ መስመር 1፣ መስመር 2። ሐሳቡ ልክ ነው፤ የአዲሱን መስመር ቁጥር ያወጣሁት ግን ገጹ ላይ ያሉትን መስመሮች በመቁጠር ነው። 0፣ 1፣ 2 ካሉ በኋላ ተረካቢው 1ን ያጠፋል፤ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ጨምር ሲል አዲሱ መስመር 2 ይባላል። 2 ግን አለ። ፒኤችፒ በአንድ ስም ሁለት መረጃ ሲመጣለት የኋለኛውን ይይዛል፣ የፊተኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጥላል። አሁን ምልክት ሳይሆን ኪሎ ጠፋ፤ ያኔ ነው ጉዳዩ ጆሮ ያገኘው።

የሠራው ይሄ ነው። ወደ ላይ ብቻ የሚቆጥር፣ መስመር ሲጠፋ የማይቀንስ አንድ ቆጣሪ ያዙ። የመስመሩ ሳጥኖች ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ይሰየሙ፦ መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ዓይነት ወይም ኪሎ ወይም ምልክት። ያን ጊዜ ምልክቱ ካልመጣ የለም ማለት ነው፤ ስውር ሳጥንም አያስፈልግ። መስመር በጠፋ ቁጥር የቀሩትን እንደገና መቁጠር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ 0፣ 2፣ 3፣ 7 ሆኖ ቢደርስ ምንም አይደል። ሰርቨሩ ላይ ግን ቁጥሮቹን ከ0 ጀምሮ በተርታ በሚያስይዘው የፒኤችፒ ፈንክሽን በ‹አሬይ ቫልዩስ› አስተካክሉት፤ ቁጥሩ ክፍተት ያለበት አሬይ (የፒኤችፒ ዝርዝር) ወደ ጄሰን፣ ማለትም ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ ሲቀየር ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ኦብጀክት ይሆናል። በቆጣሪ ፋንታ የማይደገም መለያ የሚያወጣውን የብራውዘር ፈንክሽን ‹ራንደም ዩዩአይዲ› ልጠቀም ያለ ደግሞ ይወቅ፦ የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ወይም በሎካልሆስት (በራሱ ኮምፒውተር ላይ) ብቻ ነው። በቢሮ ኔትወርክ ላይ በተራ ኤችቲቲፒ ከተከፈተ ፈንክሽኑ የለም።

ማጥፋት ላይ ‹እርግጠኛ ነዎት?› የሚል መስኮት አታስገቡ፤ በሁለተኛው ቀን ሳያነቡት ነው የሚጫኑት። መስመሩን ሳጥኖችን በአንድ በሚይዘው ታግ በፊልድሴት ጠቅልሉት፤ አጥፋ ሲባል ደብቁትና ፊልድሴቱን ‹ዲስኤብልድ› አድርጉት፣ ‹መልስ› የሚል አዝራርም አሳዩ። ዲስኤብል የሆነ ነገር አይላክም፣ አይፈተሽምም። የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ብቻ ከደበቃችሁት ግን መስመሩ ይላካል፤ ባዶ የግዴታ ሳጥን ካለበት ደግሞ ብራውዘሩ ሊያሳየው ስለማይችል ላክ የሚለው አዝራር ዝም ብሎ እምቢ ይላል።

የወሩን መዝገብ በአንድ ገጽ ለማረም ካሰባችሁ የፒኤችፒን ‹ማክስ ኢንፑት ቫርስ› (በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን የሳጥን ብዛት የሚወስነውን ቅንብር) እዩት። ካልተቀየረ 1000 ነው፤ በመስመር 3 ሳጥን ከተላከ 333 መስመር ላይ ሞላ ማለት ነው። የተረፈው ይቆረጣል፤ ማስጠንቀቂያው ሎግ ላይ ቢጻፍ እንጂ ለሞላው ሰው አይታየውም። እኔ ቁጥሩን ከማሳደግ ሌላ ከፎርሙ መጨረሻ ‹አለቀ› የሚል ስውር ሳጥን አስገብቻለሁ፤ እሱ ካልደረሰ ሰርቨሩ ምንም ሳይመዘግብ ሁሉንም ይመልሳል።